የመከላከያ ሕዋሳት አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ በላቦራቶሪ ማጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጥቁር አንበሳና በሰፈረ ሰላም አካባቢ የኢሚዩኖሎጂ የመመረቂያ ሥራቸውን የሚጀምሩ ተማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከመሠረታዊው ወደ አስቸጋሪው ተደርድረው ቀርበዋል።

የመከላከያ ሕዋሳት አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ያሳድራል ሲባል ምን ማለት ነው?

የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ለየብቻቸው አይሠሩም። ዴንድሪቲክ ሕዋስ የወራሪውን ተሕዋስ ቁራጭ ይዞ ለቲ ሕዋስ ያሳያል፤ ረዳት ቲ ሕዋስ ቢ ሕዋስን ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርት ያነሣሣዋል፤ ሬጉላቶሪ ቲ ሕዋስ ደግሞ ሌሎቹ ከልክ እንዳያልፉ ይገታቸዋል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በሁለት ዋና መንገዶች ነው፦ አንደኛው በሕዋሳቱ ገጽ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ሲነካኩ፣ ሁለተኛው ደግሞ አንዱ ሕዋስ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖችን ሲለቅና ሌላው ሲቀበላቸው ነው።

ለተመራማሪው ችግር የሚሆንበት ሁለቱ መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ላይ መሄዳቸው ነው። ስለዚህ ከታች የተገለጹት ዘዴዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ለመመለስ የተበጁ ናቸው፦ በዚህኛው ሕዋስ ላይ የታየውን ለውጥ ያመጣው በእርግጥ ያኛው ሕዋስ ነው ወይ? ከሆነስ በምን በኩል?

ሕዋሳቱ ከየት ይገኛሉ? ምን ያህል ደምስ ያስፈልጋል?

በሰው ላይ ለሚደረግ ጥናት በብዛት የሚያገለግለው ከክንድ የደም ሥር የሚቀዳ ደም ነው። ደሙ በጨው ውሃ ቀጥኖ፣ ጥግግቱ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም በሆነው ፊኮል በተባለ ፈሳሽ ላይ በቀስታ ከተደረበ በኋላ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ቀይ የደም ሕዋሳትና ግራኑሎሳይቶች (በውስጣቸው ቅንጣት ያላቸው ነጭ ሕዋሳት) ወደ ታች ሲዘቅጡ ሊምፎሳይቶች (ቲ፣ ቢና ተፈጥሮ ገዳይ ሕዋሳት) እና ሞኖሳይቶች ከፊኮሉ በላይ ስስ ነጭ ንጣፍ ሠርተው ይቀራሉ። የሴንትሪፉጁ ፍሬን መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ ንጣፉ ይደፈርሳል። ከጤናማ ሰው 1 ሚሊ ሊትር ደም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ስለሚገኙ፣ 20 ሚሊ ሊትር ደም ለመጠነኛ ሙከራ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ደም ባንክ የተለገሰውን ደም ሲለያይ የሚተርፈው ባፊ ኮት የተባለው የነጭ ሕዋሳት ክፍል ጥሩ ምንጭ ነው፤ ይህም ቢሆን የለጋሹን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ይጠይቃል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ችላ ይባላሉ። የመጀመሪያው ቱቦው ነው፤ ለሲዲ4 (የረዳት ቲ ሕዋሳት) ቆጠራ የሚቀዳው ደም የሚገባበት ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ኢዲቲኤ ስላለው ካልሲየምን ያስራል፣ ካልሲየም ከሌለ ደግሞ ቲ ሕዋስ አይነቃም። ስለዚህ ሙሉ ደምን በቀጥታ ለማነቃቃት የሚቀዳው ደም በሄፓሪን ቱቦ መሆን አለበት። ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ደሙ በተቀዳ በ8 ሰዓት ውስጥ ቢለይ ይመረጣል። ሲያድር ግራኑሎሳይቶች ጥግግታቸው ቀንሶ ከሊምፎሳይቶቹ ጋር ይቀራሉ፤ የቲ ሕዋሳትንም ሥራ ያዳክማሉ። እንዲህ ያለው ናሙና የሚያሳየው መዳከም ከበሽታው ይምጣ ከመቆየቱ፣ በኋላ መለየት አይቻልም።

አንዱን የሕዋስ ዓይነት ከሌላው መለየት የሚቻለው እንዴት ነው?

እያንዳንዱ ዓይነት በገጹ ላይ በሚይዘው ፕሮቲን ይታወቃል፦ ቲ ሕዋሳት በሲዲ3፣ ቢ ሕዋሳት በሲዲ19፣ ሞኖሳይቶች በሲዲ14። ከእነዚህ ጋር የሚጣበቁ አንቲቦዲዎችን (ፀረ እንግዳ አካላትን) የተሸከሙ ጥቃቅን የማግኔት ቅንጣቶች ከተጨመሩ በኋላ ናሙናው በማግኔት መስክ ውስጥ ሲያልፍ የተፈለገው ይያዛል፣ ሌላው ይፈስሳል። ሕዋሳትን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት አሳልፎ በቀለማቸው በሚያነበው ፍሎው ሳይቶሜትር ላይ የተሠራ የሕዋስ መለያ መሣሪያ የበለጠ ጥራት ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ከፍተኛ ነው።

አንቲቦዲው የተጣበቀበት ፕሮቲን ራሱ መልእክት ተቀባይ ሊሆን እንደሚችል መታወስ አለበት። በሲዲ3 የተያዘ ቲ ሕዋስ በመያዙ ብቻ ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ የማይፈለጉትን ሁሉ አስወግዶ የተፈለገውን ሳይነኩ ማስቀረት ለተጽዕኖ ጥናት የተሻለ ነው።

ኮካልቸር ምንድን ነው?

ሁለት ዓይነት ሕዋሳትን ፕሌት በተባለው ባለ ብዙ ጉድጓድ የላቦራቶሪ ሳህን አንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ በታወቀ ምጣኔ፣ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አብሮ በማቆየት የሚሆነውን መመልከት ነው። የጊዜው ርዝመት በጥያቄው ይወሰናል፤ ለሳይቶካይን ከጥቂት ሰዓታት እስከ 2 ቀን፣ ለመባዛት ደግሞ ከ4 እስከ 6 ቀን የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው የተቀመጠባቸው ጉድጓዶች ሁልጊዜ ሊኖሩ ይገባል፤ ያለ እነርሱ የጋራው ጉድጓድ ምንም አይናገርም። ለብዙ ቀናት በሚዘልቅ ሙከራ መብራት ቢቋረጥ ኢንኩቤተሩ በጄኔሬተር ወይም በባትሪ እንደሚቀጥል አስቀድሞ ማረጋገጥም የዘዴው አካል ነው።

ተጽዕኖው በንክኪ ነው ወይስ በሚለቀቅ ንጥረ ነገር? እንዴት ይለያል?

ቀላሉ ዘዴ ሁለቱን ሕዋሳት ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ለይቶ በአንድ ሚዲየም (ሕዋሳት በሚቆዩበት ምግብ አዘል ፈሳሽ) ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ትራንስዌል ይባላል። የቀዳዳዎቹ ስፋት 0.4 ማይክሮሜትር ሲሆን ፕሮቲኖች ያልፋሉ፣ ሕዋሳት ግን አያልፉም። ከ3 እስከ 8 ማይክሮሜትር የሆኑት ሽፋኖች ለሕዋሳት ፍልሰት ጥናት የተሠሩ ስለሆኑ፣ ከመጋዘን ሲወጣ ማሸጊያውን ማንበብ ይገባል።

ውጤቱን መተርጎም ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። ሽፋኑ ሲገባ ተጽዕኖው ከቀጠለ የሚለቀቅ ነገር እንዳለ እርግጥ ነው። ተጽዕኖው ከጠፋ ግን «ንክኪ ያስፈልጋል» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው፤ ብዙ ሳይቶካይኖች የሚሠሩት ከምንጫቸው አጠገብ በመሆኑ በሽፋኑና በታችኛው ወለል መካከል ያለውን ርቀት ሲያቋርጡ ቀጥነው ኃይል ሊያጡ ይችላሉ። በተጨማሪም አንዳንድ ሕዋሳት ንጥረ ነገሩን የሚለቁት ሌላውን ከነኩ በኋላ ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ሦስተኛ ዝግጅት መጨመር ይጠቅማል፦ ሁለቱም ዓይነቶች አብረው ከላይ ይቀመጡና፣ ከታች የሚለካው ሕዋስ ለብቻው ይቀመጣል። ያኔ ከላይ በንክኪ የተቀሰቀሰው ንጥረ ነገር ወደ ታች መውረድ አለመውረዱ ይታያል። ይህ ዝግጅት ጥቂት ሽፋኖችን ብቻ ስለሚጨምር ሊታለፍ አይገባም እላለሁ።

ሌላው መንገድ ሕዋሳት የነበሩበትን ሚዲየም አጣርቶ ወደ ሌሎች ሕዋሳት ማዛወር ነው። ያ ሚዲየም ግን ግሉኮሱና አሚኖ አሲዱ የተበላ፣ ላክቲክ አሲድም የተጨመረበት ስለሆነ፣ በተቀባዮቹ ላይ የሚታየው መዳከም ረሃብ ሊሆን ይችላል። ከሌላ የሕዋስ ዓይነት በተመሳሳይ ቁጥርና ጊዜ የተወሰደ ሚዲየም ለማነጻጸሪያ ያስፈልጋል።

መልእክቱን ያደረሰው አንድ የተወሰነ ሳይቶካይን ነው ለማለት ምን ይበቃል?

ሁለት አቅጣጫ ማሳየት ያስፈልጋል። ሳይቶካይኑን ወይም ተቀባዩን የሚያግድ አንቲቦዲ ሲጨመር ተጽዕኖው መቀነስ አለበት፤ ያኛው ሕዋስ በሌለበት ንጹሑ ሳይቶካይን ብቻ ሲጨመርም ተጽዕኖው መታየት አለበት። የመጀመሪያው አስፈላጊነቱን፣ ሁለተኛው በቂነቱን ያሳያል፤ ሌሎች ሕዋሳትን በሚገታው ሳይቶካይን በኢንተርሉኪን 10 ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ይዘው ይቀራሉ። ከሚያግደው አንቲቦዲ ጎን ለጎን፣ ዓይነቱ ተመሳሳይ ሆኖ ከምንም የማይጣበቅ አንቲቦዲ በእኩል መጠን መጨመር ግዴታ ነው።

የሚጨመረው ነገር ሁሉ ከኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ ሽፋን ከሚወጣ መርዝ) የጸዳ መሆኑም ይረጋገጥ። ሞኖሳይቶች የባክቴሪያ ኢንዶቶክሲንን በጣም በጥቂቱ እንኳ ስለሚያውቁት፣ የተበከለ ሪኤጀንት አስደሳች የሚመስል ውጤት ይፈጥራል።

ውጤቱ በምን ይለካል?

መባዛትን ለመለካት ዛሬ የተለመደው ሲኤፍኤስኢ የተባለው ቀለም ነው። ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ቀለሙ ለሁለቱ ልጆች ስለሚካፈል ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ መንገድ ከ7 እስከ 8 ትውልድ ድረስ መከተል ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ በጋራው ጉድጓድ ውስጥ የተባዛው የትኛው ሕዋስ እንደሆነ መለየቱ ነው። ቀድሞ የሚሠራበት ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ያለው ታይሚዲን ግን የጉድጓዱን ድምር ብቻ ይሰጥ ነበር።

የለቀቁትን ሳይቶካይን በሚዲየሙ ውስጥ ለመለካት ኤላይዛ የተባለው በአንቲቦዲ የሚሠራ ፈተና ይበቃል፤ ነገር ግን ማን እንደለቀቀው አይናገርም። ኤሊስፖት እያንዳንዱ አምራች ሕዋስ በቆመበት ቦታ ነጠብጣብ ስለሚያስቀር አምራቾቹን ለመቁጠር ያስችላል። የሕዋሱን ማንነትና ምርቱን በአንድ ላይ ለማወቅ ደግሞ ብሬፌልዲን ኤ ተጨምሮ ሳይቶካይኑ እንዳይወጣ ይደረግና ሕዋሱ ውስጥ በአንቲቦዲ ይቀለማል። በጋራ ጉድጓድ ውስጥ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው ሳይቶካይን ከቲ ሕዋሱ ይምጣ ከተፈጥሮ ገዳይ ሕዋሱ ለመለየት ይህ የመጨረሻው ይመረጣል።

የሊምፎሳይቶችን ምላሽ መለካት ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። በዘነበወርቅ የሚገኘው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 ከተመሠረተ ወዲህ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሊምፎሳይቶች የበሽታውን ባክቴሪያ ሲያገኙ እንዴት እንደሚሆኑ የተጠናበት ስፍራ ነው። ሌፕሮማቶስ በተባለው ዓይነት የተያዙ ሕሙማን ቲ ሕዋሳት ለዚያ ባክቴሪያ ምላሽ አለመስጠታቸው፣ የሚገታቸው ሌላ ሕዋስ ይኖር ይሆን የሚለውን ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ካስነሱት ግኝቶች አንዱ ነው።

በሆስፒታል ሲዲ4 የሚቆጥረው መሣሪያ ለዚህ ሥራ ይሆናል?

እንደ መሣሪያው ነው። ፋክስካውንት ለቆጠራ ብቻ የተሠራ ስለሆነ አይሆንም። ፋክስካሊበር ግን ሁለት ሌዘርና አራት የቀለም መቀበያ ስላለው፣ ሲኤፍኤስኢን፣ ሲዲ3ን፣ ሲዲ4ንና የሞተ ሕዋስ መለያ ቀለምን በአንድ ላይ ለማንበብ ያስችላል፤ በዚህ ብቻ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ መሥራት ይቻላል። ባለ ብዙ ቀለም መሣሪያ እስኪገኝ ጥናትን ማዘግየት ተገቢ አይመስለኝም፤ በአራት ቀለም የሚመለስ ጥያቄ መምረጥ ይሻላል።

የአዲስ አበባ ከፍታ በሙከራው ላይ ለውጥ ያመጣል?

አዎን፣ ይህም ከሚገባው በታች ትኩረት የተሰጠው ጉዳይ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ከፍታው 2,350 ሜትር ገደማ በሆነው የአዲስ አበባ መሀል ግን ወደ 570 ይወርዳል። የፕሮቶኮል መጻሕፍት ኢንኩቤተሩ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኑረው ሲሉ ባሕር ጠለልን አስበው ነው፤ እዚያ 5 በመቶ ማለት 38 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን እዚህ ግን 28.5 ብቻ ነው። ከባይካርቦኔቱ ጋር የሚዲየሙን ፒኤች የሚወስነው መቶኛው ሳይሆን ይህ ከፊል ግፊት በመሆኑ፣ የእኛ ሚዲየም በ0.12 ያህል ወደ አልካሊነት ያዘነብላል፤ ፌኖል ሬድ (በፒኤች መጠን የሚለዋወጥ ቀለም) ያለበት ሚዲየምም ከተለመደው ይልቅ ወደ ሮዝ ያደላል።

ልዩነቱን ለማካካስ የሚያስፈልገው ከ6.5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን በጭፍን ከፍ ማድረግም ያሳስታል፤ አንዳንድ ኢንፍራሬድ ዳሳሾች የሚቆጥሩት የጋዙን ሞለኪውል ብዛት ስለሆነ፣ ለከፍታው ካልተስተካከሉ 5 ብለው ሲያሳዩ በእርግጥ የሚሰጡት ከዚያ የበለጠ ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ሕዋስ የሌለበትን ሚዲየም በኢንኩቤተሩ ውስጥ አሳድሮ፣ እንደወጣ ወዲያውኑ ፒኤቹን መለካት ነው። 7.2 እና 7.4 መካከል ከሆነ በማሳያው ላይ የተጻፈው ቁጥር አያሳስብም።

የኦክስጅን ከፊል ግፊትም በባሕር ጠለል ካለው 160 ወደ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ዝቅ ይላል። በሰውነት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከዚህም ያነሰ ስለሆነ ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን ከሌላ አገር ውጤት ጋር ለሚነጻጸር ሥራ ከፍታውንና የኢንኩቤተሩን ቅንብር በዘዴው ክፍል ውስጥ መጻፍ ይገባል።

ከውጭ የታተሙ የማነጻጸሪያ ቁጥሮችን መጠቀም ይቻላል?

በጥንቃቄ ካልሆነ አይመከርም። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት፣ ጤናማ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከኔዘርላንዳውያን ጋር ሲነጻጸሩ ገና አንቲጅን (መከላከያውን የሚቀሰቅስ ባዕድ ነገር) ያላገኙ ቲ ሕዋሳታቸው አነስተኛ፣ የነቁት ደግሞ ብዙ እንደሆኑ አሳይቷል። ይህ ለኮካልቸር ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ የነቃ ሕዋስ ያለ ብዙ ግፊት ሳይቶካይን ይለቃል፣ ለመገታትም ያስቸግራል።

ስለዚህ ጤናማ ለጋሾች ከታማሚዎቹ ጋር ከአንድ አካባቢ፣ በተቀራራቢ ዕድሜ ሊመረጡ ይገባል። የሰገራ ምርመራም ቢጨመር መልካም ነው፤ የአንጀት ትላትል ኢንተርሉኪን 10ንና ሬጉላቶሪ ሕዋሳትን ስለሚያበረታቱ፣ ጤናማ የተባለው ለጋሽ ሳይታወቅ የተገታ መከላከያ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የሁለት ሰዎችን ሕዋሳት መቀላቀል ምን ችግር አለው?

የአንዱ ሰው ቲ ሕዋሳት የሌላውን ሰው ኤችኤልኤ (ከሰው ሰው የሚለያዩ የሕዋስ ገጽ ፕሮቲኖች) እንደ ባዕድ ያያሉ፣ አጥብቀውም ይባዛሉ። ይህ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተገለጸውና ለንቅለ ተከላ ጥናት ያገለገለው የሊምፎሳይቶች ድብልቅ ፈተና መሠረት ነው፤ በዚያ ፈተና አንደኛው ወገን እንዳይባዛ በጨረር ወይም በሚቶማይሲን ሲ ይታከማል። ጥያቄው ስለ ባዕድነት ካልሆነ ግን ሁለቱም ሕዋሳት ከአንድ ሰው መወሰድ አለባቸው። የታማሚውን ሞኖሳይት ከጤናማ ሰው ቲ ሕዋስ ጋር አደባልቆ «በሽታው ሞኖሳይቱን ለውጦታል» ማለት የሚቻለው፣ የሌላ ጤናማ ሰው ሞኖሳይት ከዚያው ቲ ሕዋስ ጋር ተደባልቆ ሲነጻጸር ብቻ ነው።

ሬጉላቶሪ ቲ ሕዋሳት ሲጨመሩ መባዛት ቀነሰ። ይህ መገታት ነው?

ላይሆን ይችላል። በተለመደው ፈተና ሲዲ25 የበዛላቸውና ሲዲ127 ያነሰላቸው ሲዲ4 ሕዋሳት በሲኤፍኤስኢ ከተቀለሙ ተራ ቲ ሕዋሳት ጋር በ1 ለ1፣ በ1 ለ2፣ በ1 ለ4 እያለ በሚወርድ ምጣኔ ይቀላቀላሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ሕዋስ ሲጨመር ግን ምግቡ ይሻማል፣ ቦታው ይጠባል፣ ለማነቃቃት የተጨመሩት አንቲቦዲ የለበሱ ቅንጣቶችም ለብዙ ይከፋፈላሉ። በዚህ ምክንያት ተራ ሕዋስም ቢጨመር መባዛት ሊቀንስ ይችላል።

ማነጻጸሪያው እንግዲህ ባዶ ሚዲየም ሳይሆን ያልተቀለሙ ተራ ቲ ሕዋሳትን በእኩል ቁጥር መጨመር ነው። ከዚያ በላይ የቀረው ልዩነት የሬጉላቶሪዎቹ ነው። እርሱም ቢሆን ክፍሉ ቲ ሕዋሳትን ለመባዛት የሚያነሣሣውን ኢንተርሉኪን 2ን በመጠጣታቸው የሚመጣ ነው፤ ሲዲ25 የዚህ ሳይቶካይን ተቀባይ አካል ነውና። ኢንተርሉኪን 2 ሲጨመር መባዛት ከተመለሰ ግን ሁልጊዜ የመጠጣት ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ኢንተርሉኪን 2 በራሱ መገታትን ሊያሸንፍ ይችላል።

በፍሎው ሳይቶሜትር የሁለቱንም ምልክት የያዘ ነጥብ ቢታይ ሕዋሳቱ ተነጋግረዋል ማለት ነው?

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ በእርግጥ የተያያዙ ጥንድ ሕዋሳት፣ በሌዘሩ ፊት በአጋጣሚ አብረው ያለፉ ሁለት ሕዋሳት፣ ወይም ከሌላው ሕዋስ የገጽ ቁራጭ ነክሶ የወሰደ አንድ ሕዋስ። የመጨረሻው ትሮጎሳይቶሲስ ይባላል፤ በቲ ሕዋሳትና በቢ ሕዋሳት መካከልም የታወቀ ነው። አጋጣሚውን ለመገመት ለየብቻ ተቀልመው የቆዩ ሕዋሳትን ከማንበብ በፊት ወዲያው ቀላቅሎ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ በዚያ የታየው መጠን ከዋናው ውጤት ላይ ይቀነሳል። የቀረውን ለመለየት በማይክሮስኮፕ ማየትን የሚተካ ነገር የለም።

የነጠላ ሕዋስ አርኤንኤ ትንታኔ ሕዋሳት እርስ በርስ መነጋገራቸውን ያረጋግጣል?

አያረጋግጥም፤ ይጠቁማል። ሴልፎንዲቢና ሴልቻት የተባሉት ፕሮግራሞች አንዱ የሕዋስ ዓይነት የመልእክቱን፣ ሌላው የተቀባዩን ጂን ሲያነብ «ሊነጋገሩ ይችላሉ» የሚል ዝርዝር ያወጣሉ። ስልክ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር መያዝ ማን ለማን እንደደወለ አይናገርም። አርኤንኤው ፕሮቲን ላይሆን ይችላል፤ ፕሮቲኑ ገጽ ላይ ላይወጣ ይችላል፤ ሕዋሳቱም ለትንታኔ ሲበተኑ ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ ይጠፋል።

ያም ሆኖ ኢንተርኔትና ኮምፒውተር ብቻ ይዞ፣ በይፋ ከተለቀቁ ዳታዎች መላምት ለማውጣት ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከዝርዝሩ አናት ላይ ካሉት አንድ ወይም ሁለት ጥንዶች ተመርጠው በሚያግድ አንቲቦዲ በኮካልቸር ሲፈተኑ ሥራው ክብደት ያገኛል።

በፕሌት ላይ የታየው በአካል ውስጥ እንደሚሆን እንዴት ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች በሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ በሊምፍ ዕጢ ውስጥ ቲ ሕዋሳትን በሕይወት እያሉ ተመልክተው፣ በደቂቃ 10 ማይክሮሜትር ገደማ እየተጓዙ ያለማቋረጥ እንደሚቃኙ አሳይተዋል። በፕሌት ወለል ላይ የተቀመጡ ሕዋሳት እንዲህ አይጓዙም፤ ስለዚህ የንክኪው ርዝመትና ድግግሞሽ በሁለቱ ቦታዎች የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሊፕስቲክ የተባለው ዘዴ ደግሞ በአይጦች ውስጥ ሶርቴዝ የተባለ የባክቴሪያ ኢንዛይምን በመጠቀም፣ አንድ ሕዋስ የነካውን ሌላ ሕዋስ ምልክት እንዲያደርግበት ያስችላል።

እነዚህ የዘረመል ለውጥ የተደረገላቸውን አይጦች ወይም ውድ ማይክሮስኮፕ ይጠይቃሉ። በሰው ናሙና ለሚሠራ ግን የባዮፕሲ ቁራጭን በሁለትና በሦስት ቀለም አንቲቦዲ ቀልሞ፣ ሁለቱ ሕዋሳት በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ በእርግጥ ጎን ለጎን መገኘታቸውን ማየት ይቻላል። በፕሌት የሚነጋገሩ ሕዋሳት በቁስሉ ውስጥ በአንድ ቦታ ካልተገኙ መላምቱ እንደገና ይታይ።

አንድ ለጋሽ፣ 12 ጉድጓድ። የናሙናው ብዛት 12 ነው?

አይደለም፣ 1 ነው። ከአንድ ሰው ደም የተሞሉ ጉድጓዶች የሚለኩት የፒፔቱንና የእጁን ወጥነት እንጂ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት አይደለም። አማካያቸው ተወስዶ አንድ ቁጥር ሆኖ ይገባል፤ የናሙናው ብዛት የለጋሾቹ ብዛት ነው። ጉድጓዶቹን እንደ ለጋሽ ቆጥሮ የሚሰላ የፒ ዋጋ በጣም ትንሽና በጣም አሳሳች ይሆናል፤ በመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውም ይህ ነው።

እያንዳንዱ ለጋሽ ያኛው ሕዋስ በሌለበትና ባለበት ሁለቱንም ልኬት ስለሚሰጥ፣ ስሌቱ ጥንድ ልኬቶችን የሚያነጻጽር መሆን አለበት። በግራፉም ላይ የለጋሾቹ ነጥቦች ጥንድ ለጥንድ በመስመር ተያይዘው ይቅረቡ፤ ከስምንት ለጋሾች ሁለቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደው ከሆነ አንባቢው ያንን የማየት መብት አለው።